ሳልተረጉመው ያለፍኩት ጥያቄ

ከመተማ ዮሐንስ ተሻግሮ ገዳሪፍ ላይ ኑሮውን የሚመሠርት ሾፌር መንጃ ፈቃዱን ወደ ሱዳን መንጃ ፈቃድ ማስቀየር አለበት ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ዛሬ መልሴ አንድ ነው፤ አለበት፣ ያውም የመኪና ቁልፍ ከመረከቡ በፊት። ይህን መልስ ግን ሁልጊዜ አልሰጠሁም። ለዓመታት «አያስፈልግም» ስል ኖሬያለሁ፤ ከጠየቁኝ መካከልም አንዱ የእህቴ ልጅ ነበር። በእኔ ምክር የደረሰበትን፣ ከደረሰበትም በኋላ እኔ ያደረግሁትን እዚህ ላይ እናዘዛለሁ። ምክሩ ስህተት ነበር። ከምክሩ በኋላ የሠራሁትን ግን ስህተት ብዬ ላሳንሰው አልችልም፤ አውቄ ነው የሠራሁት።

በእኛ ቆላ የተወለደ ሰው ጋላባትን ውጭ ሀገር ብሎ አይጠራም። ከመተማ ዮሐንስ የሚለያት በበጋ የሚደርቅ ወንዝና አጭር ድልድይ ነው። ጠዋት ተሻግሮ ገበያውን ጨርሶ ለምሳ ቤቱ የሚደርስ አለ፤ ከወዲያ መጥቶ ቡና ጠጥቶ የሚመለስም አለ። ድንበር ምን እንደሆነ ጠፍቶን አይደለም። ከተማችን የአፄ ዮሐንስ አራተኛን ስም የያዘችው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ እዚሁ ስለወደቁ ነው። ድንበር በደም የተጻፈ መሆኑን ሲነገረን አድገናል። የመዝገብና የማኅተም ጉዳይ መሆኑን የነገረን ግን አልነበረም።

ሀገር ለቆ መሄድ ሲባል በዓይናችን የሚመጣው አውሮፕላን ነው። ቨርጂኒያ የገባ ዘመዳችን በ60 ቀን ውስጥ የግዛቱን መንጃ ፈቃድ ማውጣት እንዳለበት ሲያወራልን አይደንቀንም። ጀርመን ያለው የኢትዮጵያ ካርዱ ከ6 ወር በኋላ እንደማያገለግለው፣ የጽሑፉንም የመንዳቱንም ፈተና እንደ አዲስ እንደሚፈተን ሲነግረን፣ እንግሊዝ ያለው ደግሞ 12 ወር ብቻ እንደተሰጠው ሲነግረን «የፈረንጅ ሀገር ሥርዓት» ብለን እንቀበላለን። ገዳሪፍ የገባው ግን በእኛ ዓይን ከሀገር አልወጣም። ከጋላባት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ዶካን አልፎ፣ ያው ሰሊጥ፣ ያው ማሽላ፣ ያው የሚያቃጥል ፀሐይ ውስጥ ነው የገባው። እናቱ እንኳ «ቆላ ወርዷል» ነው የምትለው እንጂ «ተሰዷል» አትልም።

እኔም በወጣትነቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርኩ። ከጎንደር በአዘዞ፣ በአይከል፣ በገንዳ ውሃ አድርጌ መተማ እወርዳለሁ፤ ሲገኝም ጭነቱን ይዤ ገዳሪፍ ድረስ እዘልቃለሁ። መንገዱ ለእኛ ሰው አይከብድም። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም.፣ ሱዳን በ1965 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ስለዞሩ ድልድዩ ላይ መስመር መቀየር የለም። የመኪናው ሰነድና የጉምሩኩ ወረቀት ከተሟላ፣ ቢጫ ካርድ የምንለው የኮሜሳ የሦስተኛ ወገን መድንም በእጄ ካለ፣ የትራፊክ ፖሊሱ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃዴን አገላብጦ አይቶ ይመልስልኛል። ተይዤ አላውቅም። ኋላ ላይ መሪውን ትቼ ትራንዚተር ሆንኩ። ዐረብኛ ስለምችል ሰነድ የሚያስነብበውም፣ ከሱዳን ነጋዴ ጋር የሚደራደረውም እኔ ዘንድ ይመጣል። «እሱን ጠይቀው፣ ያውቃል» ይባልልኝ ጀመር። ያወቅሁት የመንገደኛን ነገር ብቻ መሆኑን ግን እኔም አላስተዋልኩትም።

የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ጭነት ይዞ የሚሻገር ሾፌር እንግዳ ነው። መኪናው የኢትዮጵያ ሰሌዳ አለው፣ መድኑ ከሀገሩ ተገብቶለታል፣ ጭነቱን አራግፎ ይመለሳል። አንዱ ሀገር የሌላውን መንጃ ፈቃድ የሚቀበለው ለእንዲህ ያለው ሰው ሲባል ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተደረገው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት እንኳ አባል ሀገሮች አንዱ የሌላውን መንጃ ፈቃድ እንዲቀበሉ ካሰረ በኋላ፣ እዚያው አንቀጽ 41 ውስጥ ካርዱን ካወጣ በኋላ መኖሪያውን ወደ እነሱ ያዛወረ ሰው ሲሆን ግን ግዴታው እንደማይዛቸው ይናገራል። ብዙ ሰው ተማምኖ የሚሄድበት ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድም የሀገር ቤቱን ካርድ በሌሎች ቋንቋዎች የሚያስነብብ ደብተር ነው፤ ከካርዱ ተለይቶ ብቻውን አያስነዳም፣ ነዋሪንም እንግዳ አያደርግም።

ገዳሪፍ ቤት ተከራይቶ፣ ኢቃማ የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃድ አውጥቶ፣ የሱዳን ሰሌዳ ያለውን መኪና ለሱዳናዊ ነጋዴ የሚነዳ ልጅ እንግዳ አይደለም። የእኛ ቢጫ ካርድ አይከተለውም፣ ምክንያቱም ቢጫ ካርድ የሚከተለው ከሀገሩ የወጣውን መኪና ነው። ያ የሚነዳው መኪና መድን የተገባለት እዚያው ነው። መድን ሰጪው ደግሞ አደጋ ሲደርስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ የነዳው ሰው በዚህ ሀገር ሕግ እንዲነዳ ተፈቅዶለታል ወይ የሚለውን ነው።

ይህን ያኔ አላውቅም ነበር ብል ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ሕግ አላነበብኩም። ነገር ግን ገዳሪፍ የከረሙ የሀገሬ ልጆች የሱዳኑን መንጃ ፈቃድ ሩክሳ ብለው፣ «ሩክሳ ሳላወጣ» እያሉ ሲጨነቁ፣ ሩክሳውን ያወጡት ደግሞ በኩራት ሲያሳዩኝ አይቻለሁ። ለምን እንደሚጨነቁ አንዱን ጠርቼ መጠየቅ እችል ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

የእህቴ ልጅ የኮኪት ልጅ ነው። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ እናቱ በሰሊጥ መሬቷ ነው ያሳደገችው። ጎንደር ተምሮ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ከሁሉ በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። በ2009 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ሰሊጡ ሊታጨድ ሲል፣ ገዳሪፍ ያለ አንድ ደንበኛዬ ከእርሻ ወደ መጋዘን የሚያመላልስለት ታማኝ ሾፌር እንድፈልግለት ጠየቀኝ። የዚያ ነጋዴ ሥራ ለእኔ ብዙ እንጀራ ነበረው። የእህቴን ልጅ ሰጠሁት፤ ለመኸሩ እንደሚደርስም ቃል ገባሁ።

ሊሄድ ሲል ልጁ ቢሮዬ መጣ። ቆሞ ነበር የሚያናግረኝ፣ ቁጭ በል ብለውም አልተቀመጠም።

«አጎቴ፣ እዚያ ያሉት ልጆች ኢቃማህን እንዳወጣህ ወዲያው ሩክሳ አውጣ ይሉኛል። ፈተና አለው አሉ፣ የዐረብኛውን ምልክት ማወቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ እሱን ብጨርስስ?»

«አያስፈልግህም» አልኩት። «እኔ ስነዳበት የኖርኩት መንገድ ነው። ካርድህ በቂ ነው። ሰሊጡ ይግባ፣ ከዚያ ታደርሰዋለህ።»

ዝም ሲል ያላመነ መሰለኝ። ያኔ ነው የጨመርኩበት፤ «ደግሞስ ያገርህን ካርድ ተቀብለው ቢያስቀሩብህ ምን ይዘህ ትመለሳለህ?» አልኩት። አሮጌውን ካርድ ተቀብለው አዲሱን የሚሰጡ ሀገሮች መኖራቸውን ከፈረንጅ ሀገር ዘመዶቼ ሰምቻለሁ። ገዳሪፍ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ግን አልጠየቅሁም፤ የተናገርኩት ልጁ የሚፈራው ነገር እሱ መሆኑን ስላወቅሁ ነው። ፈተናና ሩጫው ሳምንታት ቢወስድበት ነጋዴው ሌላ ሾፌር ይይዛል፣ የእኔም ቃል መሬት ይወድቃል ብዬ ነው የፈራሁት። ለአንድ መኸር ጥቅም ብዬ የእህቴን ልጅ በፍርሃቱ ያዝኩት።

«እሺ፣ አንተ ካልክ» ብሎ ሄደ።

ሰሊጡ ገባ። ማሽላው ተከተለ። እሱም ለእናቱ ገንዘብ መላክ ጀመረ፣ ነጋዴውም ወደደው። ስለ ሩክሳው እሱ አላነሳም፣ እኔም አላስታወስኩትም። ዓመቱ በዚሁ አለፈ።

በ2010 ዓ.ም. አንድ ቀን ከመሸ በኋላ ከዶካ ወደ ገዳሪፍ ሲመለስ አህያ እየነዱ መንገድ የሚያቋርጡ አንድ ሽማግሌ ገጨ። አልሸሸም። ሽማግሌውን ራሱ አቅፎ ጭኖ ሆስፒታል አደረሰ። ሌሊቱን አረፉ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ ቤተሰባቸው አለ። የስምንት ልጆች አባት ነበሩ፣ በዚያ መንገድ ዳር ተወልደው ያረጁ። ኑዛዜ የሚጽፍ ሰው ስለ ራሱ ጸጸት ሲያወራ የሞተውን መርሳት ይቀናዋል፤ እኔም ብዙ ዓመት ስለ ልጁ እንጂ ስለ እሳቸው አላሰብኩም ነበር።

የሱዳን ሕግ በስህተት ሰው ለገደለ የሚያዘው ዲያ የሚባል የደም ካሳ አለ። የእኛ ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ ከሚያደርጉት ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ ፍርድ ቤት የሚወስነው መሆኑ ነው። በስህተት የደረሰ ሲሆን ካሳው በገዳዩ ጫንቃ ላይ ብቻ አይወድቅም፤ የአባት ወገን ዘመዶቹ ይካፈሉታል፣ መድን የገባ እንደሆነም መድን ሰጪው ይከፍላል። በዚያ ሀገር የሦስተኛ ወገን መድን ማለት ለሾፌር ትልቁ ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ካሳው ሲከፈል ሾፌሩ ከእስር ይወጣል፣ ቤተሰቡም ሳይበተን ይቀራል። ነጋዴው መድኑን በየዓመቱ አድሶ ይከፍል ነበር። መድን ሰጪው ግን ሰነዱን መርምሮ መለሰው። ነጂው የሚኖረው እዚህ ነው፣ የያዘው ፈቃድ የዚህ ሀገር አይደለም፣ ውሉ አይሸፍነውም አለ። አሠሪውም ቁልፍ ሲሰጠው ይህን ማየት ነበረበት። እሱ ግን የተማመነው በእኔ ቃል ነበር።

ለሽምግልና ከኮኪት ሁለት አባቶች ይዤ ሄድኩ። ገዳሪፍ ዳር፣ በሟች ቤተሰብ ግቢ፣ አንገረብ በሚባለው አልጋ ላይ አስቀምጠው ሻይ አቀረቡልን። የገደለ ወገን ሆነን መጥተን በዚያ ዓይነት ክብር መቀበላችንን አልረሳውም። ከእኛ ወገን ዐረብኛ የሚችለው እኔ ብቻ ነኝ። የእህቴ ልጅ እስር ላይ ነው።

የሟች የበኩር ልጅ ተናገረ። በእርጋታ ነው የተናገረው። ደም እንደማይፈልጉ፣ አባቱ ዕድሜ ጠግበው በአላህ ፈቃድ እንደሄዱ፣ ልጁም ጥሎ አለመሸሹን እንዳዩለት ገለጸ። ይህን ሁሉ ተረጎምኩ፤ አባቶቼም አለቀሱ። ከዚያ አንድ ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ አለ። «ይህ ልጅ ዓመት ሙሉ ከእኛ ጋር ኖሯል። የእኛን መንጃ ፈቃድ ያላወጣው፣ አያስፈልግህም ያለው ዘመድ ስላለ መሆኑን ለፖሊስ ተናግሯል። ያ ሰው ማን ነው? ከእናንተ መካከል አለ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለ?» አሉኝ አባቶች።

«ልጁ ዕድሜው ስንት ነው ይላል» አልኩ።

«ሃያ አራት ነው በለው» አሉ።

ወደ ሟች ልጅ ዞሬ በዐረብኛ፣ ያ የተባለው ሰው እዚህ እንደሌለ፣ ሽማግሌዎቹም እንደማያውቁት፣ ልጁ ጨንቆት ራሱን ለማዳን የተናገረው ሊሆን እንደሚችል ነገርኩት። በአንድ አፍ ሁለት ወገን ዋሸሁ። እስር ቤት ያለውንም ልጅ ውሸታም አደረግሁት። የሟች ልጅ ራሱን ነቅንቆ ጥያቄውን ተወው።

ቤተሰቡ ከካሳው ከፊሉን ለአላህ ብሎ ማረ። የቀረው ግን ለእኛ ቤት ከባድ ነበር። እህቴ የሰሊጥ መሬቷን ለሦስት ዓመት በኮንትራት ሰጠች፣ በሬዎቿን ሸጠች፣ ከዘመድ ተበደረች። በመዋጮው ስብሰባ ላይ የልጁ ስም ሲነሳ «ምክር የማይሰማ፣ ሩክሳ አውጣ እየተባለ ዓመት የተኛ» ተባለ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ከሁሉ በላይ ያዋጣሁት እኔ ስለነበርኩ «አጎት ማለት እንዲህ ነው» ተብሎ ተመረቅሁ። «አሜን» አልኩ። በሕይወቴ ካደረግሁት ሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ አሜን ነው።

ልጁ ሲፈታ ያገኘሁት ብቻውን ነበር። ፊቱን ማየት ከብዶኝ ስለ ጤናው ጠየቅሁት። እሱ ግን ያለምንም ዙሪያ ጥምጥም፣ «ለእማየ አልነገርኳትም። አንተም አትንገራት። ከወንድሟ ብትጣላ ማን አላት?» አለኝ። በዚያች ደቂቃ መናገር ነበረብኝ። እኔ እፎይ አልኩ። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ወንጀሌን ሲሸፍንልኝ፣ የሸፈነልኝ እናቱን ከብቸኝነት ለማዳን መሆኑን እያወቅሁ ሽፋኑን ተቀበልኩት።

ዕዳ መክፈል ስላለበት ተመልሶ ገዳሪፍ ገባ። የመጀመሪያ ሥራው ሩክሳውን ማውጣት ሆነ። ምልክቶቹን ሲማር ነው አንድ ነገር የተገለጠለት። አደጋው ከደረሰበት ቦታ ትንሽ ቀደም ብሎ መንገድ ዳር የቆመ በዐረብኛ የተጻፈ ሰሌዳ ነበረ። ዓመት ሙሉ አጠገቡ ሲያልፍ ምን እንደሚል አያውቅም ነበር። ፊት መንደር መኖሩን፣ ሰው የሚሻገርበት መሆኑንና ፍጥነት መቀነስ እንደሚገባ የሚናገር ሰሌዳ ነው። «አጎቴ፣ አሁን አነበብኩት» ብሎ በስልክ ነገረኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም።

ያን ምሽት ሰሌዳውን ማንበብ ቢችል ሽማግሌው በሕይወት ይኖሩ ነበር ወይ ብዬ ብዙ ሌሊት ተጨንቄያለሁ። መሽቷል፣ አህያዋ ድንገት ደንብራለች፣ መንገዱ ጠባብ ነው። ምናልባት ምንም አይለወጥም ነበር። ምናልባትም ፍጥነቱን ይቀንስ ነበር። እስከዚያች ምሽት ድረስ መንጃ ፈቃድ ማስቀየር ማለት ለእኔ ማኅተም መለወጥ ነበር። ፈተናው ልጁን ከመንገዱ ጋር በመንገዱ በራሱ ቋንቋ ሊያስተዋውቀው የተዘጋጀ መሆኑ አልታየኝም። እኔ ዐረብኛውን እያነበብኩ በነዳሁበት መንገድ ማንበብ የማይችለውን ልጅ «ያው መንገድ ነው» ብዬ ላክሁት።

በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ውጊያ ሲነሳ የጋላባትና የመተማ መተላለፊያ ከዋነኞቹ የስደት በሮች አንዱ ሆነ። ሱዳናውያንም፣ ሱዳን ዕድሜያቸውን የፈጁ ኢትዮጵያውያንም፣ የሌላ ሀገር ሰዎችም ሻንጣቸውን ተሸክመው በዚያች ድልድይ አለፉ። የእህቴ ልጅ ቆይቶ ነው የመጣው፤ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ዋድ መደኒ ወድቃ ጦርነቱ ወደ ገዳሪፍ የቀረበ ሲመስል። በቦርሳው የሱዳን መንጃ ፈቃድ ነበረው፣ የጸዳ፣ የታደሰ። የኢትዮጵያው ግን እዚያ ሳለ ጊዜው አልፎበታል።

ሀገራችንም የውጭ ካርድ ይዞ ለመኖር የመጣን ሰው ሳይመረምር አያስነዳም። የሰጠው ሀገር ካርዱን እንዲያረጋግጥ፣ በውጭ ጉዳይ በኩል እንዲያልፍ፣ ከዚያ ወደ እኛው እንዲቀየር ይጠየቃል። ተገቢ ነው፤ የማይታወቅ ካርድ ይዞ ከአዘዞ እስከ መተማ ባለው ጠመዝማዛ ላይ ጭነት የሚነዳ ሰው ማንም አይፈልግም። ጦርነት ላይ ያለ ሀገር መዝገብ አገላብጦ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ግን ስንት ሾፌር ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል? ቢሮዬ የሚመጡት ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዱ አሥር ዓመት የነዳ፣ ዛሬ ነጂ መሆኑን የሚመሰክርለት የሌለ።

ስለዚህ አሁን የምመክረው እንዲህ ነው። ልትኖር የምትሄድ ከሆነ የደረስክበትን ሀገር መንጃ ፈቃድ አውጣ፤ እንግዳ የምትባልበት ጊዜ ስንት እንደሆነ ከትራፊክ ቢሮው ጠይቅ፣ ከሾፌር ጓደኛህ አትጠይቅ፣ ከእኔም አትጠይቅ። የሀገርህን ካርድ የሚያስቀሩ ከሆነ ከመስጠትህ በፊት ግልባጩን አረጋግጠህ ያዝ። የማያስቀሩ ከሆነ እናትህን ልትጠይቅ በመጣህ ጊዜ አሳድሰው። የመኪናውን የመድን ውል አሠሪህ እንዲያሳይህ ጠይቅ፣ ካልገባህ አስነብበው። ይህን የምናገረው ድምፄን ከፍ አድርጌ አይደለም። ለመናገር የተረፈኝ ሥልጣን በእህቴ ልጅ የተከፈለ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የእሱን ታሪክ እነግራቸዋለሁ፤ አጎትየው እኔ መሆኔን ጨምሬ።

ይህን ለእንግዳ ሰው መንገር የቻልኩት ለእህቴ ከነገርኩ በኋላ ነው። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ኮኪት ሄጄ ነገርኳት። ምክሩን ብቻ ብነግራት ይበቃ ነበር ብሎ የሚያባብለኝ ሐሳብ ነበር። እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ በገዳሪፍ ግቢ የተናገርኩትን፣ በመዋጮው ስብሰባ ላይ ዝም ማለቴን። ሁልጊዜ «ወንድምዓለም» ነው የምትለኝ። ያን ቀን አላለችኝም።

«እሱ ያውቅ ነበር?» አለች።

«ያውቅ ነበር።»

«እሱም ዝም፣ አንተም ዝም። እኔ ብቻ ነኝ ታዲያ ልጄን ስወቅስ የኖርኩት።»

ምንም የምመልሰው አልነበረኝም። ልጇ ከእስር ወጥቶ በየበዓሉ ሲመጣ መሬቴን አስበላኸኝ እያለች ታስለቅሰው እንደነበር ያኔ ነው የሰማሁት። እሱ ቁጭ ብሎ ይሰማት ነበር። ይቅርታ አላለችኝም፤ ይቅርታም አልጠበቅሁም። በመሬቷ ኮንትራትና በበሬዎቿ የወጣውን እንድከፍላት ጠይቄያት ከብዙ ቀን በኋላ እሺ አለች። በየወሩ እየከፈልኳት ነው። ለእህትነታችን ብላ እንዳትምረኝ ለምኛታለሁ።

ልጁ የሱዳን ካርዱን ማረጋገጫ መጠበቅ ሰልችቶት ጎንደር ማሠልጠኛ ገብቶ ከመጀመሪያው ጀምሯል፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጦ የመንገድ ምልክት ይማራል። የትምህርቱን ክፍያ ልክፈል ስለው እምቢ አለኝ። ሰሊጥ አጭዶ ባገኘው ገንዘብ ከፈለ። የለመንኩትን አንድ ነገር ብቻ አልከለከለኝም፤ ለኮኪት አባቶች ሄጄ እውነቱን ስነግር አብሮኝ ተቀመጠ። አንደኛው አባት አርፈዋል። የቀሩት አንገታቸውን ደፍተው ቆይተው፣ «አስተርጓሚ ሆነህልን ሳይሆን ዲዳ አድርገህ ነው ያስቀመጥከን» አሉ። ልክ ናቸው።

የቀረኝ የሟች ልጅ ነው። በስልኩ አላገኘውም፤ ጦርነቱ ከተነሳ በኋላ የት እንዳለ የሚነግረኝም አላገኘሁም። ወደ ገዳሪፍ የሚሻገር ነጋዴ ባገኘሁ ቁጥር በዐረብኛ የጻፍኩትን ወረቀት አስይዘዋለሁ። ወረቀቱ አጭር ነው። የአባቱን ስም በክብር ይጠራል፤ የዚያን ቀን ላነሳው ጥያቄ መልሱ «አዎ፣ ነበረ፤ ከፊት ለፊትህ ተቀምጦ ሲተረጉምልህ የነበረው ሰው ነው» ይላል። የእህቴ ልጅ ለፖሊስ የተናገረው እውነት እንደነበረም ይጨምራል፤ ከታች ስሜና መተማ ዮሐንስ ያለው የቢሮዬ አድራሻ አለ።